የጓዝ ክብደት ጉዳይ፦ ከኡራን እስከ ቦሌ የተደረገ ንጽጽራዊ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

ኢትዮጵያዊ መንገደኛ የሚይዘው ጓዝ ከሚሄድበት ርቀትም ሆነ ከሚቆይበት ጊዜ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ለሦስት ቀን ሠርግ ሐዋሳ የሚወርድ ሰውና ለሦስት ዓመት ትምህርት ሚኒሶታ የሚሻገር ሰው ሻንጣቸው የሚዘጋው በአንድ ዓይነት ዘዴ ነው፦ አንዱ ይቀመጥበታል፣ ሌላው ዚፑን ይጎትታል፣ ሦስተኛው ደግሞ «ቆይ ቆይ፣ ይቺን ረስተናት» እያለ ከጓዳ ይመጣል። ነገሩ በየቤቱ፣ በየመናኸሪያውና በየአየር ማረፊያው ዕለት ተዕለት የሚታይ ሆኖ ሳለ ተገቢውን ምሁራዊ ትኩረት ተነፍጎ ቆይቷል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ታስቦ ተዘጋጅቷል። ክፍተት መሙላት ራሱ ለሻንጣ ክብደት አንደኛው ምክንያት መሆኑን ግን ከወዲሁ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በጫማ ውስጥ ያለ ባዶ ቦታ በርበሬ ሳይጨመርበት ከአገር የወጣበት ጊዜ የለም።

ጥናቱ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ቤቱን በሙሉ ነቅሎ የሚጓዝ ሰው፣ ቤቱን ቆልፎ ከሚጓዝ ሰው ያነሰ ዕቃ የሚይዘው ለምንድን ነው?

የጥናቱ ቦታዎች

የመጀመሪያው ቦታ ቦሌ ነው፤ መግለጫ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ኡራን ነው። ኡራን በሰሜን ኬንያ፣ በማርሳቢት ካውንቲ፣ የሞያሌ ምርጫ ክልል ከተከፈለባቸው ሰባት ዋርዶች አንዱ ሲሆን፣ ከሞያሌ ከተማ ወደ ምዕራብ ሲኬድ በሶሎሎ በኩል፣ ከድንበሩ ሳይርቅ ይገኛል። ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው የኢትዮጵያን ተራሮች ያያል፤ ወደ ደቡብ ያየ ደግሞ እስከ ጨልቢ በረሃ ድረስ እየደረቀ የሚሄደውን ሜዳ። በዚህ አካባቢ ከብት የሚያረባው ቦረናና ግመል የሚያረባው ገብራ ይኖራሉ። ሁለቱም ከድንበሩ በዚያም በዚህም አሉ። እንግሊዝና ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1907 ወሰኑን ሲዋዋሉ እንኳ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሣዎች እንደ ቀድሞው ተሻግረው እንዲያግጡ፣ ከጉድጓዶቹም እንዲያጠጡ ፈቅደዋል። ከውሉ ውስጥ የኪሎ ገደብ የሚል አንቀጽ አይገኝም፤ የተዋዋሉት መንግሥታት ስለ ሌሎች ሸክም ሳይጨነቁ ያለፉበት ብርቅ አጋጣሚ ነው።

ኡራን የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጓዝ ማቅለል በሠለጠነው ዓለም በአሁኑ ወቅት በገንዘብ የሚሸመት ጥበብ ሆኗል። ሻንጣው በቀለለ ቁጥር ዋጋው ይከብዳል፤ ጥቂት ልብስ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ጥቂት ልብስ ስለ መያዝ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ እንዲገዛና ይዞት እንዲጓዝ ይመከራል። ይህንኑ ጥበብ ያለ መጽሐፍ የሚሠሩ ሰዎች ካሉ ከእነሱ መጀመር የምርምር ሥነ ምግባር ግዴታ ነው።

የኡራን ግኝቶች

የገብራ ቤት ጉልበቱ የታጠፈ እንጨት፣ ልብሱ የተሸመነ ምንጣፍና ቆዳ ነው። ዝናብና ግጦሽ ሲሸሽ ቤቱ ይፈርሳል፤ ፈረሰ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም። ግመሉ ይንበረከካል፤ ምንጣፉ እንደ ኮርቻ ጀርባው ላይ ይነጠፋል፤ የቤቱ ጎድን የነበሩት ቆልማማ እንጨቶች በግራና በቀኝ ቆመው ቅርጫት መሰል ማቀፊያ ይሠራሉ። በዚያ ውስጥ ሕፃን፣ አቅመ ደካማ፣ አዲስ የተወለደ ግልገል ይቀመጣል። የወተት ዕቃው በጎን ይንጠለጠላል። ከጥቂት ሰዓት በፊት ሰው ያደረበት ቤት ቁጭ ብድግ ብሎ ይሄዳል።

ለዚህ ጥናት ወሳኙ ነጥብ የግመሉ ጉልበት አይደለም። ወሳኙ ነጥብ ማን ጫነው የሚለው ነው። ቤቱ የሴቷ ነው። የምታፈርሰው እሷ ናት፤ የምትጭነው እሷ ናት፤ የተጫኑትን ግመሎች በገመድ አያይዛ የምትመራው እሷ ናት፤ ደርሳ የምትተክለውም እሷው ናት። ወንዱ ከመንጋው ጋር ይሄዳል። ስለ ጓዙ አስተያየት ሊኖረው ይችላል፤ አስተያየት ግን ግመል ላይ አይጫንም። እንግዲህ ወደዚያ ቤት ለመግባት የሚያመለክት ማንኛውም ዕቃ የሚቀርበው አንድ ዳኛ ፊት ነው፤ ያቺ ዳኛ ዕቃውን ነገ በገዛ እጇ እንደምታነሣው፣ እንደምታስረው፣ እንደምትፈታው ታውቃለች። «ለማንኛውም ትቀመጥ» የሚባል ፍርድ በዚህ ችሎት ተሰጥቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ዳኛ ግመሉ ነው። የጭነት ግመል ከ150 እስከ 200 ኪሎ ተሸክሞ መሄድ የተለመደ ሥራው ነው። ሲጫን ያጉረመርማል፤ ማጉረምረሙ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም፣ ባዶውንም ሲሆን ያጉረመርማልና። ልክ ሲያልፍ ግን አይነሣም። ይህ መሣሪያ በምልጃ አይለዝብም፣ የአገሩን ሰው አያውቅም፣ «ወንድሜ ለዛሬ ብቻ» ቢሉት ፊቱን ያዞራል። በቦሌ ካለው ሚዛን ጋር በዚህ ረገድ ፍጹም ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው የቦሌው ከመነሻው አጠገብ ሳይሆን ከመሸኛው በኋላ መቀመጡ ነው፣ ይህም በኋላ የሚብራራ ከባድ የአቀማመጥ ስህተት ነው።

የቦረናው ሥርዓት ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ቦረና መንጋውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የሚታለቡት ላሞች ወራ ሆነው ከሰፈሩ አጠገብ ይቀራሉ፣ ደረቆቹ ከብቶች ፎራ ሆነው ከጎረምሶች ጋር ወደ ሩቅ ግጦሽ ይሄዳሉ። ወደ ፎራ የሚወጣ ልጅ በትር ይይዛል፣ የሚደርበው ልብስ ይይዛል፣ የወተት ዕቃ ይይዛል። ሌላው ጓዙ፣ ማለትም ስንቁ፣ በአራት እግሩ ከፊቱ እየሄደ ነው። ስንቅ ራሱን የሚሸከምበት ይህ ሥርዓት በምጣኔ ሀብት ጽሑፎች ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። ሽሮን በገዛ እግሩ ማስኬድ ቢቻል ኖሮ የብዙ ቤተሰብ ችግር በተቃለለ ነበር።

ከዚህ ወደ ምዕራብ፣ ኦሞ ሸለቆ ያለው የሐመር ወንድ ቦርኮቶ የሚባል ትንሽ የእንጨት ዕቃ አይለየውም። ቀን ይቀመጥበታል፣ ማታ ይንተራሰዋል። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ሲሠራ ማለት ይህ ነው። በቦሌ በኩል የተገኘው ተመሳሳይ ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የቅቤ ማሰሮ የተጠቀለለበት ፎጣ ሲሆን፣ ፎጣው ከዚያ በኋላ ለፎጣነት አያገለግልም።

አንድ ነገር ግን መነገር አለበት፤ ቀሎ መሄድ ሁሉ ጥበብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በማርሳቢትና በቦረና ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲከዳ ከብቱ አልቋል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጭነውም የሚጫንበትም አጥቶ መንገድ ዳር ሰፍሯል። ያ ቅለት በዚህ ጥናት አልተመዘነም፤ አይመዘንምም።

መላ ምት

ከላይ ከቀረበው በመነሣት ጥናቱ የሚከተለውን ሕግ ያቀርባል፦ ጓዝ የሚቀለው አስገቢው፣ ተሸካሚውና አውራጁ አንድ ሰው ሲሆኑ ነው። ሦስቱ በተራራቁ ቁጥር ጓዙ ይከብዳል። ሕጉን ለመፈተን ታሪክን መመርመር ግድ ይላል።

የታሪክ ቅኝት

ሕጉን የሚደግፍ የመጀመሪያው ማስረጃ ከሮም ነው። ጋይዮስ ማርዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ107 ጦሩን ሲያደራጅ፣ በሠራዊቱ ኋላ የሚጎተተውን የዕቃ ጭፍራ ለማሳጠር ወታደሩ ዕቃውን ራሱ እንዲሸከም አዘዘ። ወታደሮቹ የማርዮስ በቅሎዎች ተባሉ፤ ጦሩም ፈጠነ። ወታደሩ ከዚያ በኋላ ምን ምን ዕቃ እንደማያስፈልገው በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ እንደተገለጠለት መገመት ይቻላል።

ከአገር ቤት የሚቀርበው የቆሎ ተማሪ ነው። ከጎጃም ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ወሎ፣ ቅኔ ፍለጋ ዜማ ፍለጋ በእግሩ የሚዞረው ይህ ምሁር ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በትር ይዞ ዓመታት ይጓዛል። ደበሎው ልብስም ነው፣ አልጋም ነው፣ ዝናብ መከላከያም ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በቃሉ የያዘው ነው፤ ያንን የሚመዝን ሚዛን የለም። በዓለም ላይ ከፍተኛ ትምህርቱን በዚህ ያህል ትንሽ ጓዝ የጨረሰ ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። ከእሱ በኋላ የመጣው ተማሪ ለአንደኛ ዓመት ኮሌጅ ፍራሽ፣ ባልዲ፣ ብርድ ልብስና ሁለት ወር የሚበላ ጭኮ ጭኖ ሲወርድ፣ የተማረው ግን በአመዛኙ ሻንጣው ውስጥ ነው፣ በደብተር።

ሞያሌም ራሷ ማስረጃ አላት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1940 ጣሊያን በእንግሊዝ በኩል ያለውን የሞያሌ ምሽግ ከበበ። ውስጥ የነበሩት የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ወታደሮች ከቀናት ከበባ በኋላ በሌሊት ሾልከው ወጡ። ከከበባ መሃል በጨለማ የሚወጣ ሰው ሻንጣውን ይዘጋ ዘንድ ማንም አይቀመጥለትም። ጥናቱ ይህን ዘዴ ለሰላማዊ መንገደኛ አይመክርም፣ ውጤታማነቱን ግን ይመዘግባል።

በተቃራኒው ወገን የሚቆመው መቅደላ ነው። በ1860 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሠራተኞች ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ይዘው ተነሡ። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። በዛሬው የኢኮኖሚ ማዕረግ የበረራ ሕግ ብናሰላው 300 ሻንጣ ይሆናል። በመቶ የሚቆጠር ሰው ጎተተው፤ መንገድ ባልነበረበት መንገድ እየተቆረጠ፣ ዳገት እየተናደ፣ ጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ወሰደ። ደረሰ። በጦርነቱ ግን ያሰቡለትን አላደረገም። በታሪካችን ከፍተኛ የሆነው የምናልባት ዕቃ እሱ ነው፤ «ምናልባት ቢያስፈልግ» ተብሎ ተይዞ፣ ባስፈለገ ጊዜ ሳይሠራ የቀረ። ከተራገፈበት እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው ቅጂው ነው።

እዚህ ላይ ሕጋችን ይንገዳገዳል። ንጉሡ አዝዘው ብቻ አልተቀመጡም። መንገዱ ሲሠራ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ ጽፈዋል። አስገቢው ከሸክሙ ሥር ነበር ማለት ነው፤ ጓዙ ግን አልቀለለም። ይህ አስቸጋሪ ማስረጃ ነው፤ በግርጌ ማስታወሻ እንዳናሳልፈው ደግሞ 7 ቶን ነው።

ከወዲያ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ሕጉን ወደ ቦታው ይመልስልናል። ጓዙን ያሰናዳው የቦምቤይ ቢሮ ነው፤ የተሸከመው ሌላ ነው። ከሕንድ 44 ዝሆን በመርከብ አሻግሮ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጭነት እንስሳ አግተልትሎ፣ ዙላ ላይ ባቡር ሐዲድ ሳይቀር ዘርግቶ መጣ። በሄደ ጊዜ ምን ያዘ? ከመቅደላ የተዘረፈው ብራና፣ አክሊልና ታቦት 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስጭኗል። መንገደኛ ሲመለስ ከሄደበት የባሰ ይጫናል የሚለው እምነት ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስልም። የተጫነውም ዕቃ ባለቤቶች እስከ አሁን ሎንድን ድረስ እየጻፉ ይጠይቃሉ፤ የአደራ ዕቃ እንኳ ቢሆን እስከዚህ አይቆይም።

የመጨረሻው ማስረጃ መንኰራኵር ነው። በርናርድ ሳዶው የተባለ አሜሪካዊ ባለ መንኰራኵር ሻንጣ ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1972 የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በ1987 ሮበርት ፕላት የተባለ ፓይለት ቀጥ ብሎ የሚጎተተውን ጨመረበት። ሰው ጨረቃን ከረገጠ በኋላ ሻንጣው ላይ መንኰራኵር መግጠሙ ለብዙዎች አስገራሚ ሆኗል። ለዚህ ጥናት ግን የሚያስገርመው ውጤቱ ነው። ተሸካሚው እጅ ላይ የነበረው ፍርድ ወደ ወለሉ ዞረ። ወለሉም አያጉረመርምም። ደረጃ እስኪመጣ ድረስ መንገደኛው ምን እንደያዘ አያውቅም።

የመንገዱ አስተዋጽኦ

ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ሳይነጠፍበት በፊት ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ የሚወርድ ሰው በከብት መኪና ላይ ይጓዝ ነበር። ከብቱ ታች፣ ሰው ላይ፤ ከብረቱ ፍርግርግ ላይ ተቀምጦ፣ በቱርቢና በዲዳ ገልገሉ ጥቁር ድንጋያማ ሜዳ በኩል፣ ሽፍታ ተፈርቶ በአጀብ፣ ቀናት የሚፈጅ ጉዞ ነው። እንዲህ የሚጓዝ ሰው ሁለት እጅ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም ብረቱን ለመያዝ። በሦስተኛ እጅ የሚያዝ ጓዝ አልነበረም። ከታች ያለው በሬም የወደቀበትን ሁሉ ይረግጣል።

አስፋልቱ ካለቀ ወዲህ አውቶቡስ ማታ ተነሥቶ ጠዋት ናይሮቢ ይገባል። መንገዱ ቀለለ፤ ሻንጣው ከበደ። በኢትዮጵያ በኩልም ከሞያሌ በሜጋ፣ በያቤሎ፣ በዲላ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው አውቶቡስ ፖርቶመጋላው ላይ ያለውን ሳይጨምር ከወንበሩ ሥር፣ ከእግር መሃል፣ ከጭን ላይ ጆንያ ይጭናል። በየኬላው ይወርዳል፣ ይፈተሻል፣ ይጫናል። ተሳፋሪው በየጊዜው ስለሚያወርደው፣ በሕጋችን መሠረት እስከ ሐዋሳ ድረስ ጓዙ መቅለል ነበረበት። አልቀለለም። ምክንያቱ ሲጠና ግማሹ ጓዝ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኝቷል፤ «እስከ ዲላ ብቻ ያዝልኝ» የተባለ ብርድ ልብስና ማንቆርቆሪያ።

ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀዋል። መንገደኛው ቀድሞ በመውጫም በመግቢያም የሚያልፈው ፍተሻ በአንድ ጣራ ሥር እንዲያልቅ የታሰበ ነው። በሻንጣ ጥናት ዓይን ሲታይ ትርጉሙ ከንግድ ይሰፋል፤ የውስጥ ልብስ በሰው ፊት የሚዘረገፍበት ጊዜ በግማሽ ቀንሷል።

የቦሌ ግኝቶች

አሁን ወደ ጥናቱ ልብ እንገባለን። ወደ አሜሪካ የሚሄድ የኢኮኖሚ ማዕረግ መንገደኛ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎችና 7 ኪሎ የእጅ ሻንጣ ይፈቀድለታል። ከዚህ ውስጥ የመንገደኛው የራሱ ዕቃ ስንት ነው ቢባል፣ አንድ ሱሪ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ የጥርስ ብሩሽና ሰነዶቹ ናቸው፤ ወደ ፎራ ከሚወጣው የቦረና ልጅ ብዙም አይርቅም። ይህ ግኝት አጥኚዎችን አስደንግጧል። ኢትዮጵያዊው በራሱ ጓዝ አይከብድም። ከባድ የሚሆነው ከተነገረ በኋላ ነው።

ጉዞው በተሰማ ማግሥት ስልክ ይጮኻል። «እንዴት ነህ ልጄ፣ መንገድ አለህ ሲሉ ሰማሁ።» ከዚያ ዝምታ። ከዚያ «አንድ ትንሽ ነገር ነበረችኝ።» ትንሽ ነገሯ በሦስት ፌስታል የታሰረች፣ በፕላስተር የተጠቀለለች፣ ሽታዋ ግን የማይታሰር አራት ኪሎ በርበሬ ነች። ተቀባዩ ሌላ ስቴት ነው። «ስትደርስ ደውልላት፣ መጥታ ትወስዳለች።» አትመጣም። በርበሬው ዓመት ሙሉ መንገደኛው ፍሪጅ ውስጥ በአደራ ይቀመጣል፤ እንዳይበላ አደራ ነው፣ እንዳይጥል አደራ ነው። አደራን እንቢ ማለት ደግሞ በሕግ ባይከለከልም በእድር ይከለከላል።

የአደራ ዕቃ አስገቢው ጉለሌ፣ ተሸካሚው ቦሌ፣ አውራጁ ዳላስ ስለሆነ ሕጋችንን በተሟላ መልኩ ያረጋግጣል። ሦስቱም ሳይተዋወቁ ይኖራሉ።

ቀጥሎ የምናልባት ዕቃ አለ። ምናልባት ቢበርድ፣ ምናልባት ሠርግ ቢጠሩህ፣ ምናልባት እንጀራ ባይኖር። የመጨረሻው ምናልባት ድርቆሽን ይወልዳል። ዋሽንግተን አካባቢ እንጀራ በየሱፐርማርኬቱ እንደሚሸጥ ለቤተሰብ መንገር ትርጉም የለውም፤ የውጭ እንጀራ እንጀራ እንዳልሆነ ውጭ አገር ረግጠው የማያውቁ ሰዎች በሙሉ ይስማማሉ። ቋንጣ ደግሞ የራሱ ምዕራፍ ነው። አሜሪካ የሥጋ ውጤት እንዳይገባ ስለምትከለክል ቋንጣ ብዙውን ጊዜ ጉዞውን የሚጨርሰው ጉምሩክ ላይ ነው። ይህ እየታወቀ ይታሸጋል። ሲጠየቁ «እግዜር ያውቃል፣ ላያዩት ይችላሉ» ይላሉ። ሻንጣው ውስጥ ከተያዙት ነገሮች ሁሉ ክብደት የሌለው ይህ ተስፋ ብቻ ነው።

የሚዛኑ አቀማመጥ ስህተት እዚህ ይታያል። ግመል ገና ከደጅ «አልነሣም» ይላል፤ የተረፈው ዕቃ እዚያው ከባለቤቱ ፊት ይቀራል። የቦሌ ሚዛን ግን የሚናገረው ቤተሰቡ ስሞ፣ አልቅሶ፣ ከበር ውጭ ከቀረ በኋላ ነው። 27 ይላል። መንገደኛው ወለሉ ላይ ይንበረከካል (ይህ ከግመሉ የሚጋራው ብቸኛ አካላዊ ምልክት ነው)፤ ሻንጣው ይከፈታል፤ የቤተሰብ ምሥጢር በአደባባይ ይወጣል። ከአንዱ ሻንጣ ወደ ሌላው ይዛወራል፣ ሁለቱም ሞልተዋል። ከዚያ መልበስ ይጀመራል። ሹራብ በሹራብ ላይ፣ ጃኬት በሹራብ ላይ፣ ካፖርት በሁሉም ላይ፤ መንገዱ በዱባይ ይሁን በጅዳ አይጠየቅም። ኪሶቹ በቆሎና በበሶ ይሞላሉ። የሰው አካል ገና አይመዘንም፤ ይህን የሕግ ክፍተት ያላስተዋለ ተጓዥ እስካሁን አልተገኘም።

የእጅ ሻንጣው ሌላ ጥናት ይሻል። የተፈቀደው 7 ኪሎ ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለው ከዚያ እጥፍ ሲሆን፣ ባለቤቱ በሠራተኛዋ ፊት በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎት፣ ትከሻውን ሳያዛንፍ፣ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ይገለበጣል፤ ግመሉ ተሰርቋል፣ የሚሄደው ግን ቀጥ ብሎ ነው።

የተረፈው ዕቃ ወደ ውጭ ይመለሳል። ሸኚዎች «እስክታልፍ እንቆያለን» የሚሉት ከፍቅር ነው ሲባል ቆይቷል። ጥናቱ ይህን አያስተባብልም፤ ነገር ግን ከበሩ ውጭ የቆመው ቤተሰብ የሸኚ ጓድ ብቻ ሳይሆን የተጠባባቂ መጋዘን መሆኑን ይጨምራል። ሮጦ የወጣው መንገደኛ ዕቃ ሲያቀብል ሁልጊዜ የሚቀነሰው የራሱ ነው፤ ጫማው፣ ጃኬቱ፣ መጽሐፉ። በርበሬው ያልፋል። ሲደርስ የሚለብሰው የለውም፣ የሚያቀምሰው ግን ለሰፈሩ ይበቃል።

የመፍትሔ ሐሳብና ሙከራ

ግኝቶቹን ተከትሎ ግመልን በየቤቱ ማስቀመጥ የሚለው አማራጭ በኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ምክንያት ውድቅ ተደርጓል። አደራን መከልከልም ሕዝብ ዘንድ ቅሬታ እንደሚያስነሣ ታውቋል። የቀረው ሕጉን በቀጥታ መተግበር ነው፤ ሻንጣውን ያሰናዳ ሰው ሻንጣውን ይሸከም። በኡራን ሴቷ ጭና ስለምትመራ ጓዟ ይቀላል፤ በአዲስ አበባም እናት የሞላችውን ሻንጣ እናት ብታነሣው የክብደት ግንዛቤ ይፈጠራል የሚል ግምት ተይዟል።

ሙከራው በአንድ የኮልፌ ቤት ተካሄደ። ሻንጣው ከተሞላ በኋላ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን 26 አሳየ። እናትየው፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው፤ ከሳሎን እስከ በር ሻንጣውን ራሳቸው እንዲወስዱት በአክብሮት ተጠየቁ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። በአንድ እጃቸው አነሡት፣ በሩ ድረስ ወሰዱት፣ ትንሽ ወዘወዙትና ወደ ልጃቸው ዘወር አሉ።

«ይኼማ ባዶ ነው» አሉ። «ሰው ምን ይለኛል?» ጓዳ ገብተው ሁለት ኪሎ ሽሮ ይዘው ተመለሱ።

የጥናት ቡድኑ ጉዳዩን ከሴባስቶፖል ጋር በአንድ መዝገብ አስቀምጦታል። ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ተፈጻሚነቱ በግመል ለሚጓዙ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል።